አገርነሽ የጨመረችው እፍኝ ቦሎቄ

አለፈች! ብቁ ተባለች! ሶዶ ይስማ፣ ከዲምቱ ወዲያ ያለም ይስማ! እሺ፣ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ፤ ደስታው ቀድሞኝ ነው።

አገርነሽ ናት። የደገፉ ሚስት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ሶዶ ገበያ ላይ ቦሎቄና ቅቤ ስትሸጥ የኖረችው አገርነሽ። በ2003 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ እንግዳ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ "ኮሌጅ ልገባ ነው" ብላ ባሏን ስታስደነግጠው አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት። ትምህርቱ የማታ፣ የሁለት ዓመት፣ የማርኬቲንግ ዲፕሎማ ነው።

"ማርኬቲንግ ምንድን ነው?" አላት ደገፉ።

"መሸጥ።"

"እሱንማ ትችያለሽ! ለምትችይው ነገር ትምህርት ቤት ይኬዳል?"

"አንተስ ቤትህ መጸለይ ትችል የለ? ቤተ ክርስቲያን ለምን ትሄዳለህ?"

በማግስቱ ደገፉ ራሱ ደብተር ገዝቶላት መጣ።

ትምህርቱን ወደደችው፤ መውደድ ብቻ! እንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ አንገላታት እንጂ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ እሷን የሚያስቆም አልነበረም። ዓመቱ ሲጋመስ እኛን የገበያ ጓደኞቿን "የእናንተ ነገር ፕሮሞሽን ይጎድለዋል" እያለች በሳቅ ትገድለን ጀመር።

ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ግን ዲፕሎማው የት ያደርሳል የሚለው ሁሉንም አከራከረ። ደገፉ የወረዳ ቢሮ አማረው። "ገሱባ ግዥ ክፍል ትገቢያለሽ፣ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ በቃ" ይላታል። ገበያው ጥግ የጅምላ መደብር ያለው ሽኩር ደግሞ "ባንክ ግቢና ለኔ ብድር ፍቀጂ!" ይላል። አገርነሽ የቋመጠችው ለሌላ ነበር፤ የገበሬዎች ዩኒየን ሶዶ ላይ ሊከፍተው ላሰበው መሸጫ። የገበሬውን ቦሎቄ ራሷ ልትሸጥ፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ነጋዴ ጋር ራሷ ልትደራደር! ዩኒየኑም በቃለ መጠይቁ ወዷታል። የብቃት ምዘናውን አልፋ ማረጋገጫውን እስከዚህ ዓርብ ካላመጣች ግን ቦታው ለተከታይዋ ይሰጣል።

የጽሑፍ ፈተናውን ያለ ችግር ሠራችው። ጉድ ያፈላው የተግባሩ ነው። የኮሌጁን አንድ ክፍል ሱቅ አስመስለውታል፤ ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ አንድ ጆንያ ቦሎቄ። አንዲት ወጣት ደንበኛ ሆና ፌስታል ይዛ ቆማለች። ፈተናውን የሚሰጠው መዛኝ ጥግ ተቀምጦ ይጽፋል። አገርነሽ ሰላምታ ሰጠች፣ ምን እንደምትፈልግ ጠየቀች፣ መዘነች፣ ደረሰኝ ቆረጠች፣ አመሰገነች። ሁሉም ልክ! ከዚያ፣ ወይ የገበያ እጅ! እሷ ሳታስበው ጆንያው ውስጥ ገባና አንድ እፍኝ ዘግኖ ፌስታሉ ላይ ደፋ አደረገ።

መዛኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ጭማሪ ነዋ።"

"ማን ጨምሪ አለሽ?"

"ኧረ ማንም! ሳይጨመርላት የምትሄድ ገበያተኛ አለች እንዴ? ትቀየመኛለች!"

"ገበያ ላይ ቦሎቄው ያንቺ ነው። ይሄ የድርጅት ነው።"

አገርነሽ ያኔ ነው የነቃችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበት፣ በአንድ እፍኝ ሊሄድ ነው! እጇን ሰድዳ ልትመልሰው ቃጣት። ግን የሰጡትን ከደንበኛ ፌስታል መልሶ መዝገን፣ እሷ በኖረችበት ገበያ ከዚህ የባሰ ነውር የለም።

"የኔ እህት፣ እስቲ ፌስታሉን አንዴ ሚዛኑ ላይ አድርጊልኝ" አለቻት ወጣቷን። ትርፍ የሆነውን ክብደት አይታ፣ ዋጋውን ከኪሷ ከፍላ፣ ለእሱ ብቻ ሌላ ደረሰኝ በራሷ ስም ቆረጠች። ወደ መዛኙ ዞራም "ስጦታው የኔ ነው፤ ድርጅቱ የጎደለበት ነገር የለም" አለችው። መዛኙ ረዥም ነገር ጻፈ። ፊቱ ግን እንደ ግድግዳ ነው፣ ምንም አይነበብበትም።

ውጤት እስኪወጣ ሽኩር መቆሚያ መቀመጫ ነሳት። "አንቺ ሴትዮ! እኔ ስንት ዘመን ጨምሪልኝ ብዬ ስለምንሽ 'ሂድ ወዲያ፣ ሀብታም!' ስትይኝ ኖረሽ፣ ፈተና ላይ ነው እጅሽ የተፈታው?"

"ተወኝ ሽኩር፣ ልቤ ሊወጣ ነው።"

"ከወደቅሽ እኔ ጋ ትሠሪያለሽ። ጆንያዬ አጠገብ ግን ዝር አትዪም!"

ዕንባዋ ዓይኗ ላይ እንዳለ ሳቀች።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ውጤቱ ኮሌጁ ግቢ ተለጠፈ። ደገፉ ሰው እየገፋ ገባ። አገርነሽ ማየት ፈርታ የባሏን ኮት ከኋላ ጨምድዳ ይዛለች።

"ምን ይላል? ተናገር እንጂ!"

"ቆይ... ስምሽን... አገርነሽ... ብቁ! ብቁ ይላል!"

እልልታዋ ግቢውን አናጋው። መዛኙም በዚያ ሲያልፍ ሰምቶ ቆመ። "ለጭማሪሽ ነጥብ ቀንሼብሻለሁ" አላት፤ "ግን ስህተትሽን እዚያው፣ ደንበኛሽን ሳታሳፍሪ አረምሽው። የሚጥልሽ ምክንያት አጣሁ።"

ማረጋገጫዋን ይዛ በባጃጅ ዩኒየኑ ጋ በረረች። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች! ደገፉ "ገሱባ ቀረ በለኛ" ብሎ ለራሱ አጉረመረመ። ወዲያው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ "ሚስቴ እኮ የሽያጭ ኃላፊ ሆነች" ይል ጀመር።

በሉ እንግዲህ! እዚያ በዴሳ ከተማ ያለችው እህቷ ብርነሽ ገና አልሰማችም፤ ስልኳ ዝግ ነው። እዚህ መናኸሪያው ላይ የሚኒባሱ ረዳት "በዴሳ! በዴሳ! አንድ ሰው!" እያለ ነው። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ ልነግራት ሄድኩ!