የአባቴ ፓስወርድ

የዋይፋያችንን ፓስወርድ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ካረፈ ዓመት ሞላው። የኔ ስልክ ድሮውኑ ስለተያያዘ ጉዳዩ አሳስቦኝ አያውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ከሾኔ ስመለስ ስልኬን ሚኒባስ ውስጥ ረሳሁት። እናቴ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ከጓደኛዬ የተዋስኩት ላፕቶፕ ደግሞ ፓስወርድ አምጪ አለኝ።

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስፈልግ ከርሜ፣ በመጨረሻ አንድ ድርጅት ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ሊፈትነኝ ቀጥሮኛል። ቀጠሮው አራት ሰዓት ላይ ነው።

የራሴን ስም ሞከርኩ፤ የእናቴን፣ የተወለድኩበትን ዓመት ሞከርኩ። አልሆነም።

«እማ፣ አባዬ ነግሮሽ አያውቅም?»

ጎመኗን መክተፍ ቀጠለች።

«በቃ መርፌ ስጪኝ።»

ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ መያዝ ሁሉንም እንደ አዲስ ያስጀምራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴ መርፌውን እያቅማማች አቀበለችኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች።

ተጫንኩት። መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና በሩ። ከጀርባው በተለጠፈው ቁጥር ላፕቶፑ ዋይፋዩን ያዘ፤ ልዘል ስል ኢንተርኔት የለም። ቀይዋ መብራት አልጠፋ አለች። በእናቴ ስልክ ኢንተርኔቱን ወደሚሰጠን ቢሮ ደወልኩ።

«የመስመሩንም ፓስወርድ አጥፍተሽዋል» አለኝ ሰውየው። «አባትሽ ራሳቸው የመረጡት ስለሆነ ለእኛ አይታየንም። ለማስቀየር ማስረጃ ይዘሽ በአካል ነይ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። «አውቀዋለሁ» አለች። «አባትሽ ለሁሉም ነገር አንድ ነው የሚያደርገው። ግን እኔ አልጠራውም።»

ያኔ ገባኝ። እናቴ የአንጋጫ ልጅ ናት። በአገሯ ባህል፣ በእሷ ዘመን ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስሙ የሚጀምር ቃል እንኳ ሲመጣባት በሌላ ትተካዋለች። በቤታችን ቋንቋ ቅቤን የምትጠራበት ቃል የሷ ብቻ ነው። የአያቴ ስም ለኔም ትዝ ያላለኝ ለዚህ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ማን ይጠራዋል?

«እያወቅሽ መርፌ ታቀብይኛለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

«ያለሱ የሚሆን መስሎኝ ነው፣ ልጄ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«የአያቴ ስም ነው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «ሁለቴ ጻፊው።»

የመስመሩ ፓስወርድ በሚጠየቅበት ቦታ ስሙን ሁለቴ አያይዤ ጻፍኩት። ቀይዋ መብራት ጠፍታ አረንጓዴዋ ስትበራ እናቴን አገላብጬ ሳምኳት።

ልክ በአራት ሰዓት የሴትዮዋ ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ። «ሙሉ ስምሽን ከነአያትሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ የአያቴን ስም ዋጥ አድርጌ ነው የማልፈው። ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። የራሴን አልኩ፣ የአባቴን አልኩ፣ የአያቴን ግን ጎረቤት እስኪሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ሥራውን ከሁለት ሳምንት በኋላ አገኘሁ። የዚያን ቀን ግን ላፕቶፑን ስዘጋ እናቴ ስለ ሥራው አልጠየቀችኝም።

«ጥሩ አድርገሽ ጠራሽልኝ» ነው ያለችኝ።