ጀርባውን ለገበያ የሰጠው ኮንቴይነር

ታናሽ ወንድሜ ለእናታችን ኮንቴይነር ያመጣላት ቀን ከእኔ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ኮንቴይነሩ ከመምጣቱ በፊት በአጣናና በሸራ የተሠራ ሱቅ ነበረን፤ ኮምቦልቻ፣ ከገበያውና ከአስፋልቱ መሀል። ያንን ሱቅ ከእናቴ ጋር ያቆምኩት እኔ ነኝ። ደሴ እየወጣሁ ሻማውን፣ ክብሪቱን፣ የባትሪ ድንጋዩን በጆንያ የማመጣው እኔ ነኝ። ክረምት ሲሆን ሸራው ላይ የተኛውን ውሃ በመጥረጊያ እንጨት ስገፋ የምውለው እኔው ነኝ። እሱ የአሰብ መስመር መኪና ላይ ረዳት ነው። አልፎ አልፎ ብቅ ይልና ትንሽ ተምር እናቴ ጭን ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። እናቴ ተምሩን ለጎረቤት ሁሉ እያሳየች ስትመርቀው ትውላለች። ለደሴው ጆንያ ምርቃት አልነበረውም።

የእናቴ ምርቃት ደግሞ እንዲሁ የአፍ ነገር አይደለም። ሾፌሮች እንኳ መኪና አቁመው «እናታችን፣ ዱዓ ያድርጉልን» ብለው ይሄዱ ነበር። ሁለት እጇን ከፍ ታደርግና፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ «አላህ ያግራልህ፣ ከሸር ይጠብቅህ፣ የረገጥከው ይለምልምልህ፣ የጨበጥከው ይባረክልህ» ትላለች። ለወንድሜ ስትሆን ድምጿ ራሱ ይለወጣል። ለእኔ «ጎሽ» ነበር። ጆንያውን ከትከሻዬ ሳወርድ «ጎሽ፣ በይ እስቲ ሰውዬው ጨው ይፈልጋል።» አንዴ እንኳ፣ ሰው እየሰማ፣ እጇን አንስታ ብትመርቀኝ ሌላ ነገር ከዱንያ አልፈልግም ነበር።

ኮንቴይነር ያኔ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። በፊት የአሰብ ዕቃ የሚመጣው በጆንያና በጣውላ ሳጥን ነበር። መኪናው መጋዘን በር ላይ ሲቆም ተሸካሚዎቹ ሰልፍ ይዘው፣ እየተቀባበሉ እየዘፈኑ፣ አንዱን መኪና ሲያራግፉ ፀሐይ ትዘቀዝቃለች። ከተማችን ውስጥ ፋብሪካ መሠራት ሲጀምር ነው ማሽኑ በብረት ሳጥን ታሽጎ መምጣት የጀመረው። የመጀመሪያው የመጣ ዕለት ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ አጥፈው ተሰለፉ። ክሬኑ ሳጥኑን በአራት ማዕዘኑ አንጠልጥሎ መሬት አስቀመጠውና መኪናው ሄደ። ሰዎቹ ጆንያቸውን እንዳጠፉ ቆመው ቀሩ። ብዙዎቹ ኋላ ድንጋይ ፈለጣ ገቡ።

ባዶውን ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሰብ ይመልሱታል። የተጣመመው፣ የተቀደደው ግን እዚሁ ይቀራል። አንዱ የዘበኛ ቤት ሆነ፤ አንዱን ቀበሌው ወስዶ የእህል መጋዘን አደረገው፤ በአንዱ ላይ መስኮት ተቆርጦለት የክሊኒክ ካርድ ይሰጥበት ነበር። ኮንቴይነር ያለው ሰው ቪላ የሠራ ያህል ይወራለታል። ወንድሜ የኛን ምን አድርጎ እንዳገኘው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ የገባ ነበር፤ የባቲን ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ ነው አሉ።

ታዲያ ክሬኑ አንጠልጥሎት ሳለ ሠራተኛው «በሩ ወዴት ይዙር?» ብሎ ጠየቀ።

«ወደ ገበያው!» አልኩ። በሕይወቱ አንድ ክብሪት የሸጠ ሰው ሌላ መልስ የለውም።

«የለም፣» አለች እናቴ። «ወደ አሰቡ መንገድ አዙሩልኝ። ልጄ ሲመጣ ማየት አለብኝ።»

ሠራተኛው ግራ ገብቶት ወንድሜን አየው። ወንድሜ መኪናው ላይ ቆሞ ይስቃል። «እማ ያለችው ይሁን። እታለም፣ አንቺን ምን ቸገረሽ?»

«እኔን ምን ይቸግረኛል!» አልኩት። «ሻጭዋ ማን ሆነችና!»

እንደዚያ ሆኖ ተቀመጠ። ክሬኑ ከሄደ ወዲያ ማን ያዞረዋል? ገበያተኛው የሚያየው የታሸገ ብረት ብቻ ሆነ። ጨው ለመግዛት ዞሮ መምጣት ያለበት ሰው ወደ ሌላው ሱቅ ይሄዳል። ጀርባውን ለጥላ የፈለጉት ፍየሎች ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ በኮምቦልቻ ሙቀት ውስጡ እንደ ምድጃ ነው፤ ሻማው አንገቱን ይደፋል፣ ሳሙናው ያልበዋል። የወንድሜ መኪና ክላክስ ሲሰማ ደግሞ እናቴ የዘይት መለኪያውን እንደያዘች ትሮጣለች፤ ደንበኛው ጠርሙሱን ዘርግቶ ይቀራል።

«በያጅ ጠርተን በገበያው በኩል መስኮት እናስቆርጥ» እያልኩ ስለምናት ኖርኩ።

«ሲመጣ ራሱ ያስቆርጠዋል። ልጄ ያመጣው ላይ እሳት አላስነካም።»

ሲመጣ ደግሞ «በሚቀጥለው ዙር፣ ኢንሻላህ» ይልና ተምሩን አስቀምጦ ይሄዳል። ንዴቴን የማወርድበት አጥቼ ፍየሎቹን አባርር ነበር።

ከዚያ አፈሳ መጣ። ወንድሜን ደጋን ከተማ ላይ ከመኪናው አውርደው ከሌሎች ወጣቶች ጋር ጭነው ወሰዱት። ሾፌሩ ነው መጥቶ የነገረን፤ እሱም ለመግባት ፈርቶ ከደጅ ቆሞ። መጀመሪያ ማሰልጠኛ ነው ተባለ፤ አንድ ሰው ሰላምታውን አደረሰን። ቀጥሎ ወደ ሰሜን ወጣ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማንም።

እዚህ ላይ ቅናቴ በረደ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልበረደም፤ ባሰበት። በፊት ይመጣና ይሄድ ነበር፤ አሁን ከቤት የማይወጣ ሆነ። ምሳ ሲቀርብ ድርሻው ይነሳለታል። ልብሱ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ታጥፎ ይቀመጣል፣ እንደገና ይታጠባል። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ትውላለች፤ ለእሱ ዱዓ ስታደርግ ከንፈሯ አያርፍም። እኔ እሸጣለሁ፣ እሸከማለሁ፣ ቀበሌ ስብሰባ ተቀምጬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ዕቃ ለመደርደር በሩ ላይ ስቆም፣ «ዞር በይልኝ ልጄ፣ መንገዱን ከለልሽብኝ» አለችኝ። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ለጠፋው ወንድሜ ሳይሆን ለራሴ ነው ያለቀስኩት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በክራንች ተደግፎ ከግንባር ተመለሰ። ከወንድሜ ጋር የተወሰደ ነው። ሱቃችን መጣ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ «ከልጄ ጋር ነበራችሁ?» አለችው።

«አብረን ነበርን፣ እናቴ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እስከ አንድ ቦታ ድረስ አብረን ነበርን።» ከዚያ ክብሪት ገዛና፣ መልሱን ሳይቀበል ሄደ። እናቴ አልጠራችውም፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

ክረምቱ ወጥቶ አንድ ቅዳሜ ከደሴ ጆንያዬን ተሸክሜ ስመለስ በኮንቴይነሩ ጀርባ ሰው ተሰብስቧል። በያጁ የጋዝ ሲሊንደሩን አቁሞ፣ ብረቱ ላይ በጠመኔ ሰፊ አራት ማዕዘን አስምሯል። እናቴ አጠገቡ ቆማለች።

«እማ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«መስኮት ነው። ስትለምኚኝ የኖርሽው።»

«ሲመጣ ራሱ ያስቆርጠዋል አላልሽም?»

ጆንያውን ከትከሻዬ ላይ በገዛ እጇ አወረደችው። ከዚያ ገበያተኛው ሁሉ እያየ ሁለት እጇን አነሳች። «አላህ ያግራልሽ፣ ከሸር ይጠብቅሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፣ የጨበጥሽው ይባረክልሽ» አለች። ድምጿ ያ ለእሱ ብቻ የሚሆነው ድምጽ ነበር። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ «አሚን» አለ። እኔ አሚን ማለት አቃተኝ።

ሄጄ በጠመኔው መስመር ላይ ጀርባዬን ለጠፍኩ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ይፋጃል። «አንተ ሰው፣ ዕቃህን ሰብስብ» አልኩት በያጁን። «የኮንቴይነሩ ባለቤት መንገድ ላይ ነው። ሲመጣ ራሱ ያስቆርጠዋል።»

በያጁ እሳቱን ሳይለኩስ እናቴን አያት። እናቴ መጣችና ክንዴን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ከብረቱ ላይ አነሳችኝ።

«ቁረጠው» አለችው።