ቀድሞ የጠወለገው ረድፍ

የምርምር ጣቢያው ሰዎች «እትዬ ቧንቧ» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎማ ከእጇ ሳይለይ የግሪንሃውሱን ችግኝ ስታጠጣ የኖረች ሴት ናት። ስንቱ ዶክተር መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ እሷ እዚያው ናት። አፈሩን በጣቷ ነካ አድርጋ ውኃ ስንት ቀን እንደሚያቆይ ትናገራለች። ያየችውንም በር አጠገብ በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ትጽፋለች።

አንድ ዓመት አዲስ ዶክተር መጣ። ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ ሰው አክባሪ። ከቲማቲም ችግኞቹ ግማሹ ላይ አዲስ ዘረ-መል አስገብቶ፣ አዲሱንና ነባሩን በሁለት ረድፍ አስደረደራቸው። እንደ ሌሎቹ አልተኮፈሰም፤ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አስረዳት።

«ይኸውልዎት እትዬ፣ ተክል የተሠራው ከሕዋስ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ውኃ የሚያሳልፉ፣ ከፕሮቲን የተሠሩ መተላለፊያዎች አሉ። እኛ እነሱን አበዛናቸው።»

«ቢበዙስ ምን ይሆናል?»

«ቶሎ ይጠጣል፤ ቶሎ ያድጋል።»

እንዳለውም ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት አዲሱ ረድፍ ነባሩን አንድ ስንዝር በልጦ ቆመ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም። ጎብኚ መጣ፣ ፎቶ ተነሣ። እሷም ደስ አላት፤ ያጠጣችው እሷ አይደለች!

ከዚያ የውኃው ፓምፕ ተበላሸ። ቅዳሜ ጠዋት ቀጥ አለ፤ ጠጋኙ የመጣው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ስትገባ አዲሱ ረድፍ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። ነባሩ፣ ያ ድንክዬው፣ ቀና እንዳለ ነው። የአዲሱ አፈር አመድ ሆኗል፤ የነባሩ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠወለጉትን ቁጥር ጻፈች።

ዶክተሩ ሲመጣ እንዲህ አለችው፦ «እነዚያ መተላለፊያዎች የሚያስገቡ ብቻ አልመሰሉኝም፤ የሚያስወጡም ናቸው። ውኃ ሲጠፋ ያለውንም አይዙለትም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ የፓምፕ ችግር ነው።»

«ፓምፑማ የቆመው ለሁለቱም ነው።»

«አንቺ ውኃሽን አጠጪ፤ ሳይንሱን ለእኔ ተይልኝ። ዘሩ ለገበሬ ሊሰጥ ነው። ያንን ገጽ ቅደጂው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ሲላት የኖረ ሰው ነው።

ቀደደችው። በገዛ እጇ። ኮንትራቷ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿም ገና ትምህርት ቤት ናቸው።

ዘሩን ለሙከራ ከወሰዱት ገበሬዎች አንዱ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ስታየው ክው አለች። እሑድ ልትነግረው ሄደች። እሱ ግን በደስታ እየተፍለቀለቀ ተቀበላት። «እታለም፣ አንቺ ያሳደግሽው ዘር እኔ ቤት ገባ!» አለ። «ውኃ እንዳታጓድልበት» ብቻ ብላው ተመለሰች።

ሁለት ወር ዝናቡ ደህና ነበር። ቲማቲሙ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ሰማዩ ተዘጋ። በስድስተኛው ቀን የወንድሟ ማሳ እንዳለ ተኛ። የጎረቤቱ የድሮ ዘር ነው፤ ቅጠሉን ጠቅልሎ ታገሠ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሲዘንብ የጎረቤቱ ቀና አለ፤ የእሱ ሳይነሣ ቀረ።

ወንድሟ ቤቷ ድረስ መጣ። ሻይ አቀረበችለት፤ አልነካውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ታውቂ ነበር?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። «አውቅ ነበር።»

«ያን እሑድ ስትመጪስ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ተነሣ። «ባዳ ቢሆን ያደረገው ባልከፋኝ» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ ኃላፊው ቢሮ ገብታ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችው። ኃላፊው እስክትጨርስ ሰማትና «ማስረጃ አለሽ?» አላት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተሩ ጥናቱን አሳተመ። ውኃ በበቂ ሲገኝ የመተላለፊያዎቹ መብዛት ተክሉን እንደሚያፋጥን፣ ድርቅ ሲመጣ ግን ቀድሞ እንደሚያጠወልገው ደረስኩበት ይላል። ጭብጨባ ተጨበጨበለት። የጽሑፉ ቅጂ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ፣ ምሳ ልታደርስላት የመጣችው ትልቋ ልጇ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች አነበበችላት። መጨረሻው ላይ «ለግሪንሃውሱ ሠራተኞች ምስጋና ይድረሳቸው» የሚል አለ።

«እማ፣ አንቺን ነው እንዴ?»

«እኔ ብሆንስ ምን አባቴ ሊጠቅመኝ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ወንድሟ እስካሁን ደጇን አልረገጠም። ሚስቱ አልፎ አልፎ ትደውልላታለች፤ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ትነግራታለች። «እሱስ?» ስትላት «ማሳ ላይ ነው» ትላለች። ከሚስቱ ጀርባ ግን እሱ ሲያስል በስልኩ ይሰማል።