ቆቦ ጌም ቤት ያየነው ይቅርታ

ልጅ ሳለሁ የምጫወተውን የፕሌስቴሽን ጌም ሙዚቃ ስልኬ ላይ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ኮሜንቶቹን ከፈትኩ። «ጌሙ አሰልቺ ነው። ጀግናው የወንድሙን ገዳይ መጨረሻ ላይ ይምረዋል፤ ፈሪ!» ይላል አንዱ። ፈሪ? ምን አውቆ ነው!

ያኔ አንድ ቀን ቆቦ፣ ቆርቆሮው እንደ ምድጃ በሚግለው ጌም ቤት፣ አባቴ አርጩሜ ይዞ ሊወስደኝ ገባ። ጀግናው ገዳዩን ሳይመታ ሰይፉን ሲያወርድ አይቶ ቀጥ አለ።

«ምን አለው?»

እንግሊዝኛውን ማንበብ ባልችልም «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

«የወንድሙን ደም?» ለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። «እስቲ መልሰህ አሳየኝ።»

ያኔ አልገባኝም። የአባቴን ወንድም የገደለው ሰው ዘመዶች ከዋጃ ሽማግሌ በላኩ ቁጥር አባቴ ከደጅ ይመልሳቸው ነበር። ከዚያ ቀን በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግን «ግቡ» አላቸው።

ፈሪ ያለው ሰውዬ እስቲ ያንን በር ይክፈት!