ተጠሪዋ ሩቂያና የድርቆሹ ጆንያ

ሩቂያ አራጋው የመኝታ ቤት ተጠሪ የሆነችው ሌላ ሰው ስላልፈለገው ነው።

ጊዜው የ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር። ደሴ ከተማ ዳር ካለ አንድ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ከገባች ገና ሳምንት አልሞላትም። ሴቶቹ የሚተኙት በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በተደራራቢ የሽቦ አልጋ ላይ ነው። ፕሮክተሯ ወይዘሮ ይርገዱ ልጆቹን ሰብስበው «በሉ፣ የዘንድሮ ተጠሪያችሁን ምረጡ» ሲሉ ነባሮቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፉ። ያለፈው ዓመት ተጠሪ ማን ምን እንደምታነብ፣ ማን ከማን ጋር እንደምታወራ እየተጠራች ስትጠየቅ ከርማ፣ በመጨረሻ ትምህርቷን ጥላ መሄዷን ያውቃሉ። ሩቂያ ግን ይህን አልሰማችም። እጇን አወጣች።

«ውሃው የሚመጣው ንጋት ላይ ብቻ ነው። ጉልበት ያላት ትቀዳለች፣ ደካማዋ ፊቷን ሳትታጠብ ትውላለች። በየአልጋችን ተራ ብናወጣ ምን ይመስላችኋል?»

«ስምሽ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

«ሩቂያ አራጋው። የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ።»

«ሩቂያን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።»

እጅ ሁሉ ወጣ። ሩቂያ በንግግሯ የተወደደች መስሏት ደስ አላት። ከእሷ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው የደሴዋ ልጅ አበቡ ናት ኋላ ነገሩን የገለጠችላት። «አንቺ ሞኝ፣ ማንም የማይነካውን ነው የጨበጥሽው» አለቻት።

የሆነ ሆኖ ሩቂያ ሥራው አልከበዳትም። አባቷ አቶ አራጋው መካነ ሰላም ገበያ ዳር ጨው፣ ነጭ ጋዝና ሳሙና ይሸጣሉ። ጨው ሲወደድ ገበሬው ሱቁን ከቦ ሲጋፋ፣ ገና ልጅ ሳለች ሣጥን ላይ ቆማ ሰልፍ ታሲዝ ነበር። መኝታ ቤቱንም እንደዚያው ያዘችው። የውሃው ተራ ተከበረ። የታመመች ልጅ ሻይዋ አልጋዋ ድረስ ይመጣላት ጀመር። ነባሮቹ ሳይቀሩ ሲጣሉ «ሩቂያ ትዳኘን» ይሉ ነበር።

ከአጥሩ ውጭ ግን አገር እያለቀ ነበር። ከተማው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የለበሰው ቀይ ጨርቅ ገና ከየምሰሶው አልወረደም፤ በዚያው ምሰሶ ሥር ከየወረዳው የፈለሰው ሰው ኩርምት ብሎ ያድራል። ጠዋት ጠዋት የማይነሱትን በጋሪ ያነሷቸዋል። ተማሪዎቹ በመስኮት ማየቱን ትተው ነበር።

በኅዳር ወር በቤቱ ውስጥ አንድ ሽታ መጣ። እርሾ እርሾ ይላል። አይጥም በዛ። ልጆቹ ቢያማርሩ ሩቂያ ሽታውን ተከትላ ጥግ ካለችው አልጋ ደረሰች። አልጋዋ የሐረግ ነበር። ሐረግ ካሳ ከአቀስታ ከተማ በላይ፣ በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስሄድ የደጋ መንደር የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት። ሩቂያ ትራሷን ብታነሳው ተንኮሻኮሸ። ውስጡ የተቆራረሰ እንጀራ ሞልቶታል፤ ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ሻግቷል።

ሐረግ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ጉንጯ ገብቶ ነበር፤ ሩቂያ ይህን እስከዚያ ቀን ልብ አለማለቷ ራሷን አስገረማት።

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ» አለች ሐረግ። «በልጉ ከሽፏል። ገብሱ ቡቃያው ላይ ቀረ። በሬዎቹን ሸጠዋል። የሰማሁት የዛሬ ወር ነው፤ አሁንማ ምን እንደሆኑ እንጃ።»

«እዚያ ቤት ማን ማን አለ?»

«አባቴ፣ እናቴ፣ ታናናሾቼ እንቁና ሞላ። ሞላ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነው። ለዲኑ ትነግሪያለሽ?»

ደንቡ ግልጽ ነበር። ምግብ ከመመገቢያ አዳራሽ አይወጣም፤ ያወጣች ትባረራለች፤ አይታ ዝም ያለች ተጠሪም አብራ ትጠየቃለች። ሩቂያ ትራሱን መልሳ አስቀመጠችው።

«የሻገተውን እንጣለው» አለች። «ድርቆሽ እንዲህ አይደርቅም።»

በነጋታው ልጆቹን ሰብስባ እውነቱን ነገረቻቸው። የቻለች ከድርሻዋ ግማሹን በነጠላዋ ሥር ይዛ ትውጣ፣ የታመመች አትስጥ፣ እንጀራው በቀጭኑ ተቆራርሶ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ይሰጣ አለች።

«አጥሩ ሥር ያሉትስ?» አለች አንዷ። «እነሱ ሰው አይደሉም?»

«እነሱን የዕርዳታ ሰው ቢያንስ አልፎ አልፎ ያያቸዋል። ያንን መንደር ማንም አያየውም።»

«እኔ አልሰጥም» አለች አበቡ ከላይ ሆና። «እኔም ይርበኛል። አልዋሽሽም።»

«አትስጪ። ብቻ አትናገሪ።»

አበቡ አልተናገረችም። ሳምንት ቆይታ እሷም መስጠት ጀመረች፤ ለምን እንደሆነ አላስረዳችም፣ ሩቂያም አልጠየቀቻትም። አንድ ቀን ወይዘሮ ይርገዱ ድንገት ገብተው መስኮቱ ሥር የተሰጣውን አዩ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቁራሽ ነኩት። ከዚያ «መስኮቱን ክፈቱት፣ ቤቱ ታፍኗል» ብለው ወጡ።

በጥር የዕረፍት ሳምንት ሲመጣ አንድ ጆንያ ድርቆሽ ሞልቶ ነበር። ሩቂያና ሐረግ የይለፍ ወረቀታቸውን አስፈርመው ጨው በጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ ተሳፈሩ። አሳባቸው አቀስታ ወርደው፣ አህያ ተከራይተው ሐረግ አገር ጆንያውን አድርሰው፣ ከዚያ ሩቂያ ወደ መካነ ሰላም ልትቀጥል ነበር። ጉጉፍቱ ከሚባለው ከፍታ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሁለቱ አንድ ባና ተከናንበው ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ሐረግ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አወራች። ስለ እንቁ ተንኮል፣ ስለ አባቷ ዋሽንት፣ ሞላ ፊደል ገና ሳይቆጥር የሚያነብ እያስመሰለ ወረቀት ስለመያዙ ነገረቻት።

መንገዱ ላይ አንድ ኬላ ነበር። ሚሊሺያዎቹ ጭነቱን በዘንግ ይወጉ ጀመር። ዘንጉ ጆንያው ውስጥ ሲገባ ኮሽ አለ። ፈቱት።

ጓድ ምናለ የሚሉት የኬላው ኃላፊ ከጎጆው ወጣ። ብርኑስ የደረበ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አንድ ቁራሽ አንስቶ በጣቶቹ ሰበረው።

«ይኼ የማን ነው?»

ሐረግ አፏን ስትከፍት ሩቂያ ቀደመቻት። «የእኔ ነው። ለችግረኛ ቤተሰብ የምወስደው ነው።»

«ይኼን ሁሉ አንድ ቤተሰብ አይበላውም። ድርቆሽ የወታደር ስንቅ ነው። ጫካ ያሉት ናቸው እንዲህ ያለ የሚላክላቸው። ማን አዋጣ?»

«የመኝታ ቤቱ ተጠሪ እኔ ነኝ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«ማን አዋጣ ነው ያልኩሽ።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት ጓድ። ይቺ ልጅ አብራኝ ተሳፈረች እንጂ አታውቅም።»

ሐረግ እጇን ጨበጠቻት። «ሩቂያ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በይና ሂጂ» አለቻት ሩቂያ በሹክሹክታ። «እናትሽን አብሽሪ በያት። ሲጣራ ይለቁኛል፤ ጆንያውን አስመልሼ እከተልሻለሁ። ጠብቁኝ።»

መኪናው ሐረግን ይዞ ሄደ። ሩቂያን ኬላው አጠገብ ካለ ባዶ የእህል መጋዘን አስገቧት። ውስጡ ይለፍ ሳይዙ የተገኙ ገበሬዎች ነበሩ፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን የእህል ቅንጣት በጥፍራቸው ሲለቅሙ ይውላሉ። ሚሊሺያዎቹ ድርቆሹን በውሃና በበርበሬ እየፈተፈቱ ሲበሉት ድምፁ ይሰማት ነበር። ልትረግማቸው ፈለገች፤ ግን እነሱም ከስተው ነበር፣ ልቧ እምቢ አለ።

ከዚያ ደሴ ወሰዷት። የሚጠይቋት ያንኑ ነው፤ ማን አዋጣ፣ ማን ላከሽ፣ ማን ይቀበልሽ ነበር? ውስጥ እግሯን ገረፏት። እሷም የምትመልሰው ያንኑ ነው። ኮሌጁም ተጠይቆ ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ ምንም እንዳላዩ ተናገሩ። የመኝታ ቤቱ ልጆች ስብሰባ ተጠርተው፣ ሩቂያ አራጋው ዲሲፕሊን በማፍረስና የሕዝብ ምግብ በማባከን እንድትባረር በእጅ ማውጣት ወሰኑ። ያዋጡትም ያላዋጡትም እጃቸውን አወጡ።

የሁዳዴ ጾም ሲጋመስ አቶ አራጋው የአገር ሽማግሌ ዋስ ይዘው መጥተው አስፈቷት። ሲያይዋት አላለቀሱም። ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላትና «አልሐምዱሊላህ፣ በእግርሽ ነሽ» አሉ። በእግሯ ግን ለመሄድ ይከብዳት ነበር።

ሣጥኗን ልትወስድ መኝታ ቤት ስትገባ ልጆቹ ሥራ ያዙ፤ አንዷ ትጠርጋለች፣ አንዷ የተነጠፈ አልጋ መልሳ ታነጥፋለች። ቁልፉ አበቡ ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። አዲሷ ተጠሪ እሷ ሆና ነበር።

«እጄን አውጥቻለሁ» አለች አበቡ። ፊቷን አላዞረችም። «አልዋሽሽም።»

«ባታወጡ ሁላችሁም ትባረሩ ነበር።»

«እንዲህ አትበይኝ። ተቆጪኝ ይሻለኛል።»

«ሐረግ ተመለሰች?»

«አልተመለሰችም» አለች አበቡ።

ወደ መካነ ሰላም ሲመለሱ መኪናው በአቀስታ ሲያልፍ ሩቂያ እንውረድ ብላ አባቷን ለመነች። «ልጄ፣ አሁን ተፈትተሽ?» አሉ። «የፈረሙልሽን ሽማግሎች ልታሳስሪ ነው? እኔስ ሁለተኛ ጊዜ ልፈልግሽ የምችል ይመስልሻል?» አቀስታ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ በገበያተኛ ላከች፣ አስጠየቀች። መልሱ የመጣው ሰኔ ላይ ነው። አባትዬው ካሳ ገና በኅዳር ሞተዋል፤ የቀሩት ከነሐረግ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ተጭነዋል። ሩቂያ ይህን ስትሰማ «ቢያንስ አብረው ናቸው» ብላ ተጽናናች። በዚያ መጽናናት ብዙ ዓመት ኖረች።

ኮሌጅ ዳግመኛ አልገባችም። የአባቷን ሱቅ ያዘች። አግብታ ወለደች። የሰፈሩ ሰው የቀብርና የለቅሶ ማኅበሩን፣ ቅሬውን፣ እንድትመራ ሁለት ጊዜ ቢመርጣት ሁለት ጊዜም እምቢ አለች። «ጨው ልሽጥበት፣ ተዉኝ» ትላለች። እምቢታዋ ለሰው ኩራት መሰለው።

መንግሥት በተለወጠ ዓመት፣ የሰፈራ ተመላሾች በየመንገዱ ሲንጠባጠቡ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ፊቷ በቆላ ፀሐይ ጠቁሯል።

«አማን ናችሁ? ሩቂያ አራጋው እዚህ ናቸው?»

«አማን ነን። እኔ ነኝ፣ ግቢ።»

«እንቁ እባላለሁ። የካሳ ልጅ። የሐረግ እህት።»

ሩቂያ የያዘችውን ሚዛን አስቀመጠች። ልጅቷን ወደ ጓዳ አስገብታ ቆሎና ሻይ አቀረበችላት። እንቁ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ሳትጥል ተናገረች።

«እቴ ሐረግ ባዶ እጇን ነው የደረሰችው። አባቴ ሞቶ ነበር። ለእናቴ ‹ሩቂያ ጆንያውን ይዛ ትመጣለች፣ ተጠሪያችን ናት፣ እሷ ያለችውን ታደርጋለች› አለቻት። ለሰፈራ የሚወስደው መኪና መጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እዚያ ምግብ አለ ይሉ ነበር። እናቴ ‹እንጠብቃታለን፤ አገሬን ለምን ልልቀቅ› አለች። ጠበቅን። ሞላ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ለማየት ከደጅ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እዚያው እንደተቀመጠ አገኘነው። ከዚያ በሚቀጥለው መኪና ሄድን።»

«ሐረግስ?» አለች ሩቂያ።

«ሐረግ በዚያው ክረምት ወባ ገደላት። እናቴ አምና ዐረፈች።»

«ልትወቅሽኝ ነው የመጣሽ?» አለች ሩቂያ። «ውቀሽኝ። እሰማሻለሁ።»

«አይደለም። እናቴ ‹ገድለዋት ነው እንጂ ትመጣ ነበር› እያለች ነፍስ ይማር ስትልዎት ኖረች። አቀስታ ስደርስ በሕይወት አሉ ብለው ነገሩኝ። ላይዎት መጣሁ።»

ሩቂያ ስለ ኬላው፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ እግሯ ልትነግራት ጀመረችና ተወችው። የእነሱን ደጅ እያሰበች የራሷን ነገር ማውራት አሳፈራት። «ጠብቁኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ብቻ። እንቁ አንገቷን ነቀነቀች። ሩቂያ የነገረቻት እንቁ ቀድማ የምታውቀውን ነበር።

ቅዳሜ አብረው አቀስታ ሄዱ፤ ከዚያ በእግር ወጡ። የእንቁ አባት ቤት ፈርሶ ግድግዳው ድንጋይ ብቻ ቀርቷል፤ መሬቱን ሌላ ሰው አርሶት ገብስ በቅሎበታል። ያረሱት ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው። እንቁን ሲያውቋት ዘንጋቸውን ጥለው አቀፏት፤ ወዲያው ደግሞ ስለ መሬቱ ይጨነቁ ጀመር። «ከቀበሌው ነው የተሰጠኝ ልጄ፤ ሰርቄ አይደለም» አሉ።

«መሬቱን አልመጣሁበትም አባባ። ሞላ የት እንደተቀበረ ያሳዩኝ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ቦታው ጠፍቶብኛል።»

ሽማግሌው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሯቸው። እንቁ ብቻዋን መግባት እንደምትፈልግ ተናገረች። ሩቂያ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ ሻርፗን አጥብቃ አሰረች። አቶ ቸኮል አጠገቧ ቆመው ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ ስለ ውርጩ አወሯት፤ እሷም መለሰችላቸው። እንቁ ከገባችበት እስክትወጣ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ጉልበቷ ላይ አፈር ነበር። ሩቂያ ተነስታ በነጠላዋ ጫፍ አራገፈችላትና ቁልቁለቱን ጀመሩት።