የዛፍ ልጥ ሲበጠስ

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። «ማሚ፣ ክላስ ሬጅስተር አድርጌያለሁ፣ ራይድ ስጪኝ» ስትለኝ የኮምፒውተር ትምህርት መስሎኝ ነበር። ሬኒየር ቫሊ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ግን አንዲት አሮጊት እርጥብ የዛፍ ልጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቁን። ከሰሜን ጃፓን የመጡ፣ አይኑ ከሚባለው የአገሩ ቀደምት ሕዝብ የተወለዱ ናቸው። አያቶቻቸው ልብስ የሚሸምኑት ከዚህ ልጥ ነበር።

«እናትየዋም ትቀመጥ» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ኤቨረት ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው፤ ቅዳሜን ለእንቅልፍ ነበር ያሰብኳት። ተቀመጥኩ።

ሥራው ልጡን በጥፍር እየሰነጠቁ ማቅጠን፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉን እየቋጠሩ መቀጠል ነው። የእኔ ይበጠሳል። እቋጥረዋለሁ፣ ይበጠሳል። «ደርቋል፣ ውኃ አስነኪው» ይሉኛል። አስነካዋለሁ፣ ይበጠሳል። ልጄ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ክሩን ሳታየው እንኳ ትጠቀልላለች።

«ማሚ፣ ጀስት ሪላክስ።»

ሪላክስ የሚባለውን ቃል ያን ቀን ጠላሁት።

እንደምንም ሽመና ጀመርን። የድሩ አንድ ጫፍ ምሰሶ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው በቀበቶ ወገብ ላይ። የእኔ ጨርቅ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ መጣ። አሮጊቷ አዩትና «ፍቺው» አሉኝ።

«ሁሉንም?»

«ከጠበበበት ጀምሮ።»

ቀበቶውን አውልቄ ተነሳሁ። ንግግራችን በእንግሊዝኛ ቢሆንም በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማወራቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ለእኔ አይሆንም። እርስዎ እናትዎ ጎን ተቀምጠው ነው የለመዱት።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እናቴ አላስተማረችኝም» አሉ። «ትምህርት ቤት በዘሬ እንዳይሰድቡኝ ብላ ልብሱንም ቋንቋውንም ደበቀችኝ። እኔ የተማርኩት እሷ ከሞተች በኋላ፣ ከባዕድ ሰው ነው። እስካሁን ያናድደኛል።» የያዙትን ልጥ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

ልጄ ማዳመጫዋን አውልቃ ሁለታችንንም ታያለች። ተመልሼ ተቀመጥኩና መፍታት ጀመርኩ። ሲፈታም ይበጠሳል። አሮጊቷ መጥተው ቀበቶዬን ከኋላ አጠበቁልኝ። «ደገፍ በይ። ድሩን የሚወጥረው ወገብሽ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸው ገና ሳይበርድ።

ክላሱ ሲያልቅ የእኔ ጨርቅ መዳፍ አያክልም፤ አንድ ጎኑም ጠማማ ነው። የልጄ ለእጅጌ ጠርዝ በቅቶ፣ ጥምዝምዝ ጥልፍ ጀምራበታለች። መኪና ውስጥ አቀርቅራ የእኔን አየችው።

«የቱ ጋ እንደሳትሽ ላሳይሽ?»

«አሁን ተዪኝ» አልኳትና ሞተሩን አስነሳሁ።