ድንቡሼ ለምን አኮረፈ?

ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው አጣቢ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በእንፋሎትና በሳሙና ሽታ መሀል ነው፤ ደስ ብሏቸው። እዚያ አንሶላ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመዳፍ ይዳበሳል። መርፌ፣ ቀለበት፣ አንዳንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ ተጠቅልሎበት ይመጣልና።

አሁን የሚዳብስላቸው፣ ታጥቦ ሲደርቅም የሚያጣጥፍላቸው ድንቡሼ ነው። ሆዱ ክብ፣ እጆቹ ለስላሳ የሆኑ ረዳት ማሽን ነው። የፈጠረው ሰው አይደለም፤ ከሰው ሁሉ ልቆ የሚያስበው፣ «ዋናው» የሚባለው ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ዋናው ለፍጡሮቹ ስሜት ሰጥቷቸዋል። ድንቡሼ መርፌ ሲያገኝ ይደነግጣል፤ ክምሩ ሲያልቅ ያንጎራጉራል።

አንድ ቀን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። አንሶላው በመግፊያ ጋሪው ላይ ተቆለለ። የክፍሉ ኃላፊ እየሮጠ ወረደ።

«እትዬ፣ ማሽን ያኮርፋል እንዴ? እስከ መውጫ ሰዓት ወደ ሥራው ካልተመለሰ ስሜቱን አስነቅለዋለሁ!»

«ቀስ በል ልጄ። መጀመሪያ የሠራውን እንጠይቅ» አሉና የግድግዳውን ድምፅ ማጉያ ከፈቱ። «ዋናው፣ ይህን ሁሉ ብልሃት ይዘህ የሚያኮርፍ ነገር ምን ቆርጦህ ሠራህ?»

ዋናው ሳይቸኩል መለሰ። «በፊት ያለ ስሜት ነበር የሠራሁት። አደገኛ ዕቃዎችን ዘርዝሬ ነገርኩት፤ የነገርኩትን ያገኛል፣ ያልነገርኩትን ያሳልፋል። የዓለምን ነገር ሁሉ ዘርዝሬ አልጨርስም። ግድ የሚሰጠው ግን እኔ ያላሰብኩትንም ያያል። ስለዚህ ግድ እንዲሰጠው አደረግኩ።»

«ኩርፊያው ለምን አስፈለገ ታዲያ?» አለ ኃላፊው።

«ደስታውን ትቼ ቅሬታውን ላወጣ ሞከርኩ። አልተላቀቁልኝም። ሥራው ሲያምር ደስ የሚለው፣ ሥራው ሲናቅ ይከፋዋል።»

እንዴት ያለ መልስ ነው! ስሜት ለጌጥ የተጨመረ ሳይሆን፣ ትእዛዝ በማይደርስበት ቦታ መንገድ የሚያሳይ ነገር ነው ማለት ነው።

እትዬ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሄደ። ማን ናቀው? ጠረጴዛውን አዩ። ድንቡሼ ያጣጠፈውን አንሶላ፣ እጃቸው ለምዶ፣ እዚያው ፊቱ እየዘረጉ እንደገና ሲያጣጥፉ ከርመዋል።

«ውይ፣ እኔው ነኝ ለካ! ይቅር በለኝ የኔ ጌታ።»

ድንቡሼ አልዞረም። «የእኔ አጣጣፍ አስቀያሚ ነው?» አለ ለግድግዳው።

«ኧረ ያምራል! ግን ነርሷ በአንድ እጇ በሽተኛ ደግፋ ነው የምታነጥፈው። ጫፉ ወደ ውጭ ካልወጣ አይመዘዝላትም። ይህን ሳልነግርህ ዝም ብዬ አፈርስብሃለሁ።»

ድንቡሼ ቀስ ብሎ ዞረ። «ነርሷ ትቸገር ነበር?»

«በጣም እንጂ!»

ወዲያው አንድ አንሶላ አንስቶ ጫፉን ይፈልግ ጀመር። ኃላፊው አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እትዬን አየ።

«እንተወው ታዲያ?»

«ተወው። ግድ የሌለው ረዳት ካማረህ ያውልህ ጋሪው፤ እሱ አያኮርፍም።»

ኃላፊው ሳቁን እየዋጠ ደረጃውን ወጣ።